ሞተሩ ተቀየረ፤ ነዳጁስ ከየት ይመጣል? የስቴና ጀርማኒካ ጉዳይ

በ2015 መጀመሪያ ላይ 240 ሜትር ርዝመት ያላት አንዲት መርከብ ፖላንድ፣ ግዳንስክ ከተማ ወደሚገኘው የሬሞንቶቫ የመርከብ መሥሪያ ገባች። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሟ ስቴና ጀርማኒካ ይባላል። ሥራዋ ከስዊድን ጎተንበርግ እስከ ጀርመን ኪል ሌሊቱን እየተጓዘች ሰውና መኪና ማመላለስ ነው። 1,300 ያህል መንገደኛ ትይዛለች፤ ከሥር ደግሞ ከባድ መኪኖችና የቤት መኪኖች ተደርድረው ይጫናሉ። ማርች መጨረሻ ላይ ወደ መስመሯ ተመለሰች። ከውጭ ላያት ያችው የድሮዋ መርከብ ናት። ሆዷ ውስጥ ግን ትልቅ ነገር ተለውጧል። ዋና ሞተሯ ሜታኖል የሚያቃጥል በዓለም የመጀመሪያዋ የመንገደኛ መርከብ ሆናለች።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት በምክንያት ነው። ስለ መርከብ አማራጭ ነዳጅ ሲወራ ክርክሩ ሁሌ የነዳጆች ፉክክር ይመስላል። አንዱ ሜታኖል ይላል፣ አንዱ አሞኒያ፣ ሌላው ሃይድሮጅን፣ ሌላው ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ። የነዳጁ ስም ከተነገረ ነገሩ ያለቀ ያህል ይቆጠራል። እኔ አላለቀም ባይ ነኝ። አንድ ነዳጅ አየሩን ያጸዳል አያጸዳም የሚለው የሚወሰነው ገሚሱ ሞተሩ ውስጥ፣ ገሚሱ ደግሞ ነዳጁ የተሠራበት ፋብሪካ ውስጥ ነው። ስቴና ጀርማኒካ ላይ ሁለቱን ለያይቶ ማየት ይቻላል፣ ምክንያቱም ሞተሯ ከተቀየረ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ነዳጇ ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ምንጩ ሲቀያየር ቆይቷል።

መጀመሪያ ለምን እንደተነካካች።

መርከቧ አሮጌ የምትባል አልነበረችም፤ ስፔን ውስጥ ተሠርታ ሥራ የጀመረችው በ2001 ነው። ያኔ ስሟ ስቴና ሆላንዲካ ነበር። አራት የቫርትሲላ ሱልዘር ሞተሮች አሏት፤ እያንዳንዳቸው ስምንት ሲሊንደር፣ እያንዳንዳቸው 6,000 ኪሎዋት። በድምሩ 24,000 ኪሎዋት። እንደ ብዙዎቹ መርከቦች የተሠራችው ከነዳጅ ማጣሪያ መጨረሻ የሚተርፈውን ወፍራምና ጥቁር ዘይት እንድታቃጥል ነው። ይህ ዘይት ካልሞቀ በቀር በቧንቧ ውስጥ በደንብ አይፈስም። ርካሽ ነው፣ ጉልበቱም ጥሩ ነው፣ ግን ሰልፈር አለበት። ሰልፈሩ ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ ከእርጥበት ጋር ተገናኝቶ አሲድ ይሆናል፣ ደቃቅ ብናኝም ይፈጥራል፤ ያ ብናኝ ወደብ አጠገብ የሚኖር ሰው ሳንባ ውስጥ ይገባል።

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2015 ጀምሮ በባልቲክ ባሕር፣ በሰሜን ባሕርና በእንግሊዝ ቻናል የሚጓዝ ማንኛውም መርከብ ጭሱን አጥቦ ሰልፈሩን ካላስወገደ በቀር ከ0.1 በመቶ በላይ ሰልፈር ያለበት ነዳጅ እንዳያቃጥል ተከለከለ። ከዚያ በፊት የነበረው ጣሪያ 1 በመቶ ነበር። ለማነጻጸር ያህል፣ በዚያው ጊዜ በአብዛኛው የዓለም ባሕር የተፈቀደው 3.5 በመቶ ነበር፤ ወደ 0.5 የወረደው በ2020 ነው። ስለዚህ የጎተንበርግ–ኪል መስመር ከዓለም በጣም ጥብቅ ከሆኑት ክልሎች በአንዱ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ሕጉ ስለ ሰልፈር ነው። ስለ አየር ንብረት አንድም ቃል የለበትም። ይሄ ነጥብ በኋላ ይጠቅመናል።

ለባለ መርከቡ አራት መንገድ ነበረው። አንደኛው ዝም ብሎ ንጹሕ የመርከብ ናፍጣ መግዛት ነው። ቀላል ነው፣ ግን ውድ ነው፣ በየቀኑም ይከፈላል። ሁለተኛው የጭስ ማጠቢያ መግጠም ነው፤ ጭሱ በባሕር ውኃ ይታጠብና ሰልፈሩ ይወገዳል፣ ውኃው ግን ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ባሕር ውስጥ ነው የሚፈሰው፤ ከአየር ላይ አንስቶ ውኃ ላይ ማድረግ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሦስተኛው ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። እሱ ደግሞ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ላይ ነው ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው፣ ስለዚህ ልዩ ወፍራም ታንክ ይፈልጋል። ለአዲስ መርከብ ከዲዛይኑ ጀምሮ ይታሰብበታል፤ ቀድሞ ለተሠራች መርከብ ግን የጭነት ቦታ ቆርሶ መስጠት ያስገድዳል። ላዩ ላይ ሳይቃጠል በጭስ ማውጫ የሚያመልጠው ሜቴን አለ፤ ሜቴን በ20 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 ጊዜ ያህል የበረታ ሙቀት አማቂ ነው።

አራተኛው ሜታኖል ነው። ሜታኖል ከአልኮሎች ሁሉ ትንሹ ነው። አንድ ካርቦን፣ አራት ሃይድሮጅን፣ አንድ ኦክስጅን። በተራ የአየር ሙቀት ፈሳሽ ነው፣ ማቀዝቀዝ አይፈልግም፣ ግፊት አይፈልግም። ሰልፈር የለበትም። በኬሚካል ኢንዱስትሪው በዓመት ወደ 100 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ይመረታል፣ ስለዚህ በመርከብ ማጓጓዙና ወደብ ላይ ማከማቸቱ ድሮም የሚታወቅ ሥራ ነው። የመርከቧ ባለቤት የሆነው የስቴና ኩባንያ ቀደም ሲል ስፒሬት በተባለ የምርምር ፕሮጀክት ውስጥ ከሜታኖል የተገኘ ነዳጅ በአነስተኛ የመርከብ ረዳት ሞተር ላይ ሞክሮ ነበር። ያ ሙከራ ነው ወደ ትልቁ ያሸጋገራቸው። የስቴና ጀርማኒካ ፕሮጀክት በጠቅላላው ወደ 22 ሚሊዮን ዩሮ ወጪ ነበረው፤ ግማሹን የአውሮፓ ኅብረት ሸፈነ። ሞተር ሠሪው ቫርትሲላ፣ ሜታኖል አምራቹ ሜታኔክስና ሁለቱ ወደቦች በአንድ ላይ ገቡበት። አንድ ባለ መርከብ ብቻውን ቢሆን ይህን የሚደፍር አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሞተሩ እንግባ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ።

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩ ሲጨመቅ ይግላል፣ ናፍጣው ሲረጭበት ራሱ ይቀጣጠላል። ሜታኖል ግን እንዲህ አያደርግም። ተጨምቆ በጋለ አየር ውስጥ ቢረጭም በቀላሉ አይነሳም። እሳት የሚለኩስለት ሌላ ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ መፍትሔው ሁለቱንም አንድ ላይ መጠቀም ሆነ፤ ትንሽ ናፍጣ ቀድሞ ይረጭና ይቀጣጠላል፣ እሱ ያነደደው እሳት ላይ ሜታኖሉ ይገባል። ይህን ለማድረግ ቴስታታው ላይ ያለው ኖዝል ሁለት ነዳጅ ለየብቻ የሚረጭ ሆኖ ተቀየረ። ሜታኖሉ 600 ባር በሚደርስ ግፊት ነው የሚገባው። የሞተሩ ብሎክ፣ ክራንኩ፣ ፒስቶኑ፣ ትልልቁ አካል ሁሉ በነበረበት ቀረ። ለእኔ ከዚህ ጉዳይ ትልቁ ቴክኒካዊ ዜና ይሄ ነው። አዲስ መርከብ ሳይሠራ፣ ሞተሩ እንኳ ሳይወጣ፣ ባሕር ላይ ያለች መርከብ ነዳጅ መቀየር ትችላለች። መርከብ 25 እና 30 ዓመት ስለምትሠራ፣ አዲሶቹን ብቻ እየጠበቅን ከሆነ ብዙ እንጠብቃለን።

አራቱም ሞተሮች በአንድ ጊዜ አልተቀየሩም። መጀመሪያ አንዱ ተቀይሮ ተሞከረ፣ ሌሎቹ መርከቧ ሥራ ላይ እያለች ተራ በተራ ተከተሉ። ብልህ አካሄድ ነው። አንዱ ቢያስቸግር ሦስቱ መርከቧን ኪል ያደርሷታል።

የሜታኖል ሌላው ችግር ቅባት የለሽ መሆኑ ነው። ናፍጣ ፓምፑንና ኖዝሉን እያለሰለሰ ነው የሚያልፈው። ሜታኖል ደረቅ ነው፣ አንዳንድ ብረትና ጎማም ይበላል። በ600 ባር ግፊት የሚሠራ ፓምፕ ውስጥ ደረቅ ፈሳሽ ስታሳልፉ የሚሆነውን መካኒክ የሆነ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ማኅተም የሚሆንና የሚያለሰልስ የዘይት ሲስተም ለብቻው ተጨመረ፣ የጎሚኒና የብረት ዓይነቶችም እየተመረጡ ተቀየሩ።

ቀጥሎ ቦታ። አንድ ኪሎ ሜታኖል ወደ 19.9 ሜጋጁል ጉልበት አለው፤ አንድ ኪሎ የመርከብ ናፍጣ 42.7። በሊትር ስታስቡት ለተመሳሳይ ጉልበት ከ2.3 ጊዜ በላይ ታንክ ያስፈልጋል ማለት ነው። ውቅያኖስ ለምታቋርጥ መርከብ ይሄ ራስ ምታት ነው። ለስቴና ጀርማኒካ ግን ብዙም አልከበደም፤ በየዕለቱ ወደብ ትገባለችና ቶሎ ቶሎ መሙላት ትችላለች። ታንኩም ከየት መጣ? ከመርከቧ ወለል በታች፣ በድርብ ግድግዳዋ መካከል፣ ለሚዛን የባሕር ውኃ የሚሞላባቸው ባላስት የሚባሉ ታንኮች ነበሩ። ከእነሱ የተወሰኑት ተጠርገውና ተቀብተው የሜታኖል ታንክ ሆኑ። የመኪና ማቆሚያው አልተነካም፣ የመንገደኛው ክፍል አልተነካም። የተፈጥሮ ጋዝ ቢሆን ኖሮ ይህ አይታሰብም ነበር። ሜታኖል ከውኃ ጋር በቀላሉ ይዋሐዳል፣ ባሕር ውስጥ ቢፈስም ሟሙቶ በባክቴሪያ ይበላል እንጂ እንደ ጥቁሩ ዘይት የባሕር ዳር ላይ አይለጠፍም፤ ለዚህ ነው ከውጭው ግድግዳ ጋር ተጎራብቶ እንዲቀመጥ መፍቀድ የሚቻለው።

ደኅንነቱ ግን ቀልድ አይደለም። ዓለም አቀፉ የመርከብ ደኅንነት ደንብ በመርህ ደረጃ ከ60 ዲግሪ በታች በሆነ ሙቀት ተቀጣጣይ እንፋሎት የሚሰጥ ነዳጅ እንዲያዝ አይፈቅድም። ሜታኖል በ11 እና 12 ዲግሪ አካባቢ ይሰጣል። ይሄ ማለት ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ውስጥ እንኳ እንፋሎቱ ለእሳት ዝግጁ ነው ማለት ነው። ነበልባሉ ደግሞ በቀን ብርሃን በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። መርዝም ነው፤ ጥቂት የጠጣ ሰው ዓይኑ ሊጠፋ፣ ሊሞትም ይችላል፣ እንፋሎቱን መተንፈስና በቆዳ መንካትም አደገኛ ነው። 1,300 ሰው ተኝቶ በሚያድርበት መርከብ ሥር እንዲህ ያለ ፈሳሽ ስታስቀምጡ የምትወስዱት ጥንቃቄ ሌላ ዓይነት ነው።

ስለዚህ ሜታኖል የሚያልፍባቸው ቧንቧዎች በሌላ ቧንቧ ውስጥ የሚያልፉ ሆኑ። የውስጡ ቢያፈስ ውጨኛው ይይዘዋል፣ በመካከላቸው ያለው አየር ያለማቋረጥ እየተሳበ በጋዝ ጠቋሚ ይፈተሻል። ሞተሩ ከሜታኖል ወደ ናፍጣ ሲመለስ ወይም ሲቆም ቧንቧው በናይትሮጅን ይጠረጋል፣ የታንኩም ባዶ ቦታ ኦክስጅን እንዳይኖረው በናይትሮጅን ይሞላል። ከፍተኛ ግፊት ያለው ፓምፕ የራሱ ክፍል ተሠራለት። ያኔ ለሜታኖል የተጻፈ ዓለም አቀፍ መመሪያ አልነበረም። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ጊዜያዊ መመሪያውን ያወጣው በ2020 መጨረሻ ነው፣ ከአምስት ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። በዚህ መካከል መሐንዲሶቹ እያንዳንዱን ነገር ከናፍጣ ያልተናነሰ ደኅንነት እንዳለው አንድ በአንድ ማስረዳት ነበረባቸው። ለእነዚያ ሰዎች ትልቅ አክብሮት አለኝ። ዛሬ ሌሎች አንብበው የሚሠሩበትን ደንብ እነሱ ያለ ደንብ ነው የሠሩት።

ውጤቱስ? ሰልፈሩ ጠፋ ማለት ይቻላል፤ የሚቀረው ከማቀጣጠያው ናፍጣ የሚመጣው ብቻ ነው። ጥላሸቱም በእጅጉ ወረደ፣ ምክንያቱም ጥላሸት የሚወለደው እርስ በርስ ከተያያዙ ካርቦኖች ነው፣ ሜታኖል ደግሞ አንድ ብቸኛ ካርቦን ነው ያለው። የናይትሮጅን ኦክሳይዱም ይቀንሳል፤ ሜታኖል ሲተን ብዙ ሙቀት ስለሚስብ የሲሊንደሩ እሳት ይበርዳል፣ ያ ጋዝ ደግሞ የሚፈጠረው እሳቱ በጣም ሲግል ነው። ፕሮጀክቱ ይፋ ሲደረግ የተነገረው ግምት ሰልፈር በ99፣ ብናኝ በ95፣ ናይትሮጅን ኦክሳይድ በ60 በመቶ ይቀንሳል የሚል ነበር። ለወደብ አካባቢ ነዋሪ፣ መርከቡ ላይ ለሚሠራው ሰው፣ ይሄ ትልቅ ለውጥ ነው። የሕጉ ዓላማም ይሄው ስለነበር ሥራው ተሳክቷል ማለት እችላለሁ።

ግን እስኪ ካርቦኑን አብረን እናስላ።

አንድ ኪሎ ሜታኖል ሲቃጠል 1.375 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ለናፍጣ 3.2 ኪሎ ገደማ ነው። በግርድፉ ስታዩት ሜታኖል ከግማሽ በታች ይመስላል። አትሸወዱ። ለተመሳሳይ ጉልበት ከሁለት እጥፍ በላይ ሜታኖል ነው የምታቃጥሉት። በጉልበት ሲካፈል ሜታኖል በሜጋጁል 69 ግራም፣ ናፍጣ 75 ግራም። ልዩነቱ 8 በመቶ ገደማ ነው። ይሄ የጭስ ማውጫው ሒሳብ ብቻ ነው። በዓለም ላይ የሚመረተው ሜታኖል አብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ፣ ቀሪው በብዛት ከድንጋይ ከሰል ነው። ጋዙን ከመሬት ማውጣት፣ ማጓጓዝ፣ ፋብሪካ ውስጥ ወደ ሜታኖል መቀየር ሁሉም የራሱ ጭስ አለው። በአውሮፓ ኅብረት የሒሳብ ደንብ ከተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ ሜታኖል ከጉድጓዱ እስከ ጭስ ማውጫው ሲደመር ከናፍጣ በ10 በመቶ ገደማ ይብሳል። ከከሰል የተሠራው ደግሞ ከዚያም በላይ ይብሳል። በሌላ አነጋገር፣ በ2015 የተቀየረው ያ ውብ ሞተር ከጋዝ የተሠራ ሜታኖል ሲሰጠው የወደቡን አየር እያጸዳ የዓለምን ሙቀት ትንሽ እየጨመረ ነበር።

ይህን የምለው ሰዎቹን ለመውቀስ አይደለም። የተጠየቁት የሰልፈር ጥያቄ ነበር፣ እሱን በደንብ መለሱ። የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ «ሜታኖል አረንጓዴ ነዳጅ ነው» ተብሎ በደፈናው ሲነገር ነው።

የገንዘቡ ነገርም አለ። ፕሮጀክቱ ሲታቀድ የድፍድፍ ዘይት ዋጋ በበርሜል ከ100 ዶላር በላይ ነበር። መርከቧ ግዳንስክ ስትገባ ከ50 በታች ወርዶ ነበር፣ በ2016 መጀመሪያ ከ30 በታች ነካ። የሜታኖል ጉልበት ከናፍጣ ከግማሽ በታች ስለሆነ፣ ዋጋው አዋጭ እንዲሆን በቶን ከናፍጣው ግማሽ እንኳ መድረስ የለበትም። ዘይቱ እንዲያ ሲረክስ ያ ሒሳብ ይፈርሳል። ሞተሩ ግን ሁለቱንም ነዳጅ ያቃጥላል። ይህ ባሕርይው መርከቧን ከኪሳራ የሚያድናት ነው፣ በዚያው ልክ ደግሞ ናፍጣ ሲረክስ ወደ ናፍጣ የሚመልሳት ነው። ሁለት ነዳጅ የምትችል መርከብ ስታዩ ጠይቁ፦ ባለፈው ዓመት የትኛውን ስንት ቶን አቃጠለች?

ነዳጁ መለወጥ የጀመረው በኋላ ነው። በጁን 2021 ስቴና ጀርማኒካ ጎተንበርግ ላይ የሞላችው ሜታኖል ከብረት ማቅለጫ ጭስ የተሠራ ነበር። በሰሜን ስዊድን ሉሌኦ ውስጥ ፍሬስሚ በሚባል የአውሮፓ ኅብረት የምርምር ፕሮጀክት፣ ከብረት ማቅለጫው ምድጃ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተይዞ ከሃይድሮጅን ጋር ተዋሐደና ሜታኖል ሆነ። መጠኑ ትንሽ ነው፣ ለሙከራ ነው። ነገር ግን ሐሳቡ ለእኔ ልብ ይነካል፤ ወደ ሰማይ ሊሄድ የነበረ ጭስ አንድ ተጨማሪ ሥራ ሠርቶ ሄደ። ያም ሆኖ ካርቦኑ ከከሰል የመጣ ነው። ሁለት ጊዜ ተጠቀምንበት እንጂ በመጨረሻ አየር ላይ ወጥቷል። ቅነሳ ነው፣ ዜሮ አይደለም።

ወደ ዜሮ የሚጠጋው ሌላኛው መንገድ ነው። ውኃን በነፋስ ወይም በፀሐይ ኤሌክትሪክ ሰንጥቆ ሃይድሮጅን ማውጣት፣ ከዚያ ከዕፅዋት ወይም ከአየር የተገኘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ማዋሐድ። እዚህ ላይ ኬሚስትሪው ያስደስታል። አንድ ቶን ሜታኖል ለመሥራት 1.375 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገባል። ሲቃጠል የሚወጣውም ልክ 1.375 ቶን ነው። የወሰደውን ይመልሳል፣ አይጨምርም። ችግሩ ኤሌክትሪኩ ነው። ለዚያው ቶን 190 ኪሎ ገደማ ሃይድሮጅን ያስፈልጋል፣ እሱን ለማውጣት ደግሞ ወደ 10 ሜጋዋት ሰዓት።

በራሴ ግምት ላስላው። መርከቧ በግማሽ ጉልበቷ፣ በ12,000 ኪሎዋት፣ 14 ሰዓት ትጓዝ እንበል። ሞተሩ ከነዳጁ 42 በመቶውን ወደ ሥራ ይቀይራል ብንል የአንድ ሌሊት ጉዞ 72 ቶን ያህል ሜታኖል ይፈልጋል። 72 ቶን ለመሥራት 720 ሜጋዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ያልቃል። ፕሮፔለሩን ያዞረው ግን 168 ብቻ ነው። ከአራት እጅ አንዱ እንኳ አልደረሰም። ለዚህ ነው አጭር መስመር ላይ ያለች ትንሽ ጀልባ በባትሪ ብትሄድ የምመርጠው። ባትሪ ለማይበቃው ረጅም ጉዞ ግን ይህን ኪሳራ እያወቁ መቀበል ግድ ይላል።

ሌሎቹ እስኪከተሉ ብዙ አልፈጀም። በ2016 ሜታኖል የሚጭኑ ታንከሮች ራሳቸው የሚጭኑትን በትልልቅ ባለ ሁለት ምት ሞተር ማቃጠል ጀመሩ። በጃንዋሪ 2023 ጎተንበርግ ወደብ ላይ ስቴና ጀርማኒካ ከሌላ መርከብ ጋር ጎን ለጎን ቆማ ሜታኖል ተቀበለች፤ ታንከር ላልሆነ መርከብ እንዲህ ሲደረግ በዓለም የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በፊት የሚመጣላት በመኪና ነበር። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ነዳጅ በቦቴ እየተመላለሰ የሚሞላው አንድ መርከብ ነው፣ ወደብ ሙሉ መርከብ አይደለም። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ሎራ ሜርስክ የተባለችው 2,100 ኮንቴይነር የምትጭን መርከብ በሜታኖል ከደቡብ ኮሪያ ተነስታ ኮፐንሃገን ደረሰች። በ2025 ደግሞ ዴንማርክ ካሶ ውስጥ በዓመት 42,000 ቶን የሚያመርት፣ ከፀሐይ ኤሌክትሪክ ሜታኖል የሚሠራ ፋብሪካ ተመረቀ። ከላይ ባለው ግምቴ ከሄድን ስቴና ጀርማኒካ በየሌሊቱ ብትጓዝ ብቻዋን ወደ 26,000 ቶን ትጨርሳለች። የአንድ መርከብ ፍላጎት ከፋብሪካው ምርት ከግማሽ በላይ ነው። የነዳጁ እጥረት ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ ወዲያ ማስረጃ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ሕጉም በመጨረሻ ወደ ፋብሪካው ዞሯል። ከ2024 ጀምሮ በአውሮፓ ወደቦች መካከል የሚጓዝ ትልቅ መርከብ ለሚያወጣው ካርቦን ይከፍላል፤ ለ2024ቱ ጭስ 40 በመቶ፣ ለ2025ቱ 70፣ ከ2026 ጀምሮ ሙሉውን። ጎተንበርግም ኪልም ኅብረቱ ውስጥ ስለሆኑ ይህ መስመር ከነሙሉው ይቆጠራል። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ደግሞ ሌላ ደንብ ተጨመረ። የነዳጁ ጭስ ከምንጩ ጀምሮ ይሰላል፣ ከ2020 አማካይ ጋር ሲነጻጸር በ2025 በ2 በመቶ፣ በ2030 በ6፣ በ2035 በ14.5፣ እየባሰ ሄዶ በ2050 በ80 በመቶ መቀነስ አለበት። ያላሟላ ቅጣት አለበት። በዚህ ደንብ ከተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ ሜታኖል ከናፍጣ የባሰ ነጥብ ያገኛል፣ ከነፋስና ከፀሐይ የተሠራው ደግሞ እስከ 2033 መጨረሻ እንደ እጥፍ ይቆጠርለታል። አንድ ዓይነት ሽታ፣ አንድ ዓይነት መልክ፣ አንድ ታንክ ውስጥ የሚገባ ሁለት ፈሳሽ፤ አንዱ ያስቀጣል፣ አንዱ ያሸልማል። የሚለያቸው አብሮ የሚመጣው የምስክር ወረቀት ነው። እኔ ባለ መርከብ ብሆን ሞተር ከማዘዜ በፊት ያንን ወረቀት ማን፣ ለስንት ዓመት፣ በስንት እንደሚሰጠኝ ውል አስራለሁ።

ከአውሮፓ ውጭ ግን ነገሩ ገና ነው። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ2023 መርከቦች በ2050 አካባቢ የተጣራ ዜሮ እንዲደርሱ ተስማምቷል፣ በ2030 ደግሞ ከሚጠቀሙት ጉልበት ቢያንስ 5 በመቶው ከዜሮ ወይም ለዜሮ ከተጠጋ ምንጭ እንዲሆን። ይህን የሚያስገድደው የክፍያና የነዳጅ ደረጃ ደንብ በአፕሪል 2025 ረቂቁ ጸድቆ ነበር። በኦክቶበር 2025 የመጨረሻው ድምፅ ሊሰጥበት ሲል ለአንድ ዓመት ተራዘመ። እስከዚያ ድረስ ከአውሮፓ ወደቦች የማትደርስ፣ የስቴና ጀርማኒካ ዓይነት ሞተር ያላት መርከብ ታንኳን ከከሰል በተሠራ ሜታኖል ብትሞላ የሚጠይቃት ዓለም አቀፍ ሕግ የለም።